ቆማ የከረመች ቮልስ ልግዛ ወይስ ልተው?

«ሞተሯ ይነሳል?» አሮጌ ቮልስ ልገዛ አስቤያለሁ ያልኩት የጅማ ሰው ሁሉ ቀድሞ የጠየቀኝ ይህን ነው። ለእኔ ግን ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው። የቤንዚን ቱቦውን፣ ገመዶቹንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ከነቀሉ በኋላ፣ ጥሩ ክሪክና አንድ ረዳት ካለ ሞተሩ ለምሳ ሳይደርስ መሬት ላይ ነው። ይጠገናል፤ ካልሆነም በሌላ ይተካል። ወለሉ የበሰበሰ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የዚህች መኪና ሻንሲ ማለት መሃል ለመሃል የሚያልፈው ቦይና ግራና ቀኙ ላይ የተበየደው ወለል ነው፤ እሱ ካለቀ የቀረው ሁሉ የሚቆምበት የለውም።

ቮልስን የመረጥኩት ስለምወዳት ነው፤ ግን ፍቅር ብቻ መኪና አያስነሳም። ያሰብኩት ስለ መለዋወጫ ነው። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 ቮልሶች ተሠርተዋል። ይህን ያህል ስለተሠራ ዛሬም አዲስ ፋሻ፣ አዲስ የወለል ላሜራ፣ አዲስ የበር ጎማ የሚያመርት አለ፤ ያገለገለውን ደግሞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያውቅ ሰው ይዞ መፈለግ ይቻላል። ዕድሜዋ እኩል ሆኖ በጥቂቱ ብቻ የተሠራች መኪና ብትሆን ኖሮ አንድ የተሰበረ መስታወት ዓመታት ሊያስቆማት ይችል ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ጠግኖ መያዝ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። ሌላም ጥቅም አላት፤ ስለ ቮልስ የሚያወራው የሌለው ሰው የለም። አንዱ አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱባትን ያነሳል፣ ሌላው ያስተማረው መምህር ይነዳት የነበረችውን። ወሬው ሲሞቅ «እንዲያውም እነ እገሌ ግቢ አንዷ ቆማለች» ይመጣል። ሄጄ ያየኋቸውን ሁለት ቮልሶች ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው።

የመጀመሪያዋ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነበረች። ቀይ፣ ቀለሟ አዲስ፣ ቁልፉ እንደዞረ የምትነሳ። ለእንዲህ ያለ ነገር በቀጭን ጨርቅ የጠቀለልኩት ትንሽ ማግኔት ከኪሴ አይጠፋም፤ ጨርቁ ቀለም እንዳይቧጭር ነው። ማግኔቱ ጣሪያውንና ኮፈኑን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ከበሩ ሥር ሳስጠጋው ግን ተንሸራቶ ወደቀ፤ ላሜራ መሆን የነበረበት ቦታ ስቱኮ፣ ማለትም ማግኔት የማይዘው መሙያ ነው። በሁለቱም በሮች ሥር ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ባዶ ሳጥን አለ፤ የሞተሩን ሙቅ አየር ወደ ፊት የሚያደርሰው እሱ ነው፣ አካሉን ከወለሉ ጋር የሚይዘውም እሱ ነው። እርጥበት ውስጡ ስለሚቀር ዝገቱ የሚበላው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ ውጭ ላይ የታየ ዕለት ውስጡ ካለቀ ቆይቷል። በሩን ከፍቼ ጎኗን በክሪክ ሳነሳት የበሩ ክፍተት ተቀየረ፣ በሩም አልዘጋም አለ። አካሉ እየታጠፈ ነው ማለት ነው። በዚያ ላይ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ሞተሩ ሲቀየር ማንም አላስመዘገበውም። ሻጩ ሲገዛትም እንዲህ ነበረች፣ አልደበቀኝም። አመስግኜው ሄድኩ፤ ቀለሟ ምንም ያህል ቢያምር ለእሷ ልቤ ከሁለት አልተከፈለም።

ሁለተኛዋ ጅረን ነበረች፤ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቁልቁል፣ አንድ የቡና ነጋዴ የነበሩ ሰው ግቢ ውስጥ። ባለቤቲቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ።

«እማማ፣ መቼ ነው የቆመችው?»

«እሳቸው ካረፉ ወዲህ አልተነካችም ልጄ። ቁራሌዎች በኪሎ ጠየቁኝ። እንዴት አድርጌ በኪሎ እሰጣለሁ? አጋሮ የሚመላለሱባት እኮ እሷ ናት።»

ጎማዎቹ አልቀዋል፣ የአንዱ መብራት መስታወት የለም፣ ሞተሩ በቁልፍ ቀርቶ በእጅም አይዞርም። የቆመችው ግን ከቆርቆሮ ሥር፣ ሲሚንቶ ላይ፣ በአራት ብሎኬት ከፍ ተደርጋ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ እዚህ አገር ሣር ላይ የቆመ መኪና ጣሪያ ቢኖረውም ከታች በሚመጣው እርጥበት ይበሰብሳል። ሰውየው ወይም ልጆቻቸው ይህን አስበው ከፍ ባያደርጓት ኖሮ ዛሬ የምንነጋገርባት መኪና አትኖርም ነበር።

ምንጣፉን አነሳሁና ወለሉን በካቻቢቴ እጀታ ከፊት ወደ ኋላ መታሁት። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ይላል። ግራው ሙሉ በሙሉ ደህና ነው። በቀኝ ከኋላ ወንበር ሥር ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ካቻቢቴውን ገልብጬ ስጫነው ጫፉ ዘልቆ ወጣ። ይህን ጠብቄው ነበር፤ ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፣ አሲዱ በዓመታት ሥሩን ይበላል። የእጄን መዳፍ ሁለት ያህል የሚሆን ቀዳዳ እና ከጎኑ ያለው ሳጥን የኋላ ጫፍ፣ ሌላ የለም። ከፊት ኮፈን ሥር ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የሚቀመጥበት ጎድጓዳም ደህና ነው፤ ያ ቦታ ውኃ ከያዘ መሪው የተያዘበት የፊት ሻንሲም አብሮ ስለሚጎዳ ሳያዩት ማለፍ አይገባም። ክሪኩን ስጠቀም የበሩ ክፍተት አልተንቀሳቀሰም።

ከኋላ ወንበሩ ሥር፣ ቦዩ ላይ የተመታው ቁጥር በ117 ይጀምራል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ሞዴል ወዲህ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 7 ማለት 1967 እ.ኤ.አ. ነው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ በታች ነው፤ በኤፍ ፊደል ስለሚጀምር የ1300ው ሞተር ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አኃዝ በአኃዝ አመሳከርኩ፣ ገጠሙ። ሊብሬው በሟች ስም ስለሆነ ግን ቀብድ አልሰጠሁም። እማማ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እስኪያወጡ፣ ልጆቹም እስኪስማሙ ጠበቅኩ። ስሙ ሊዛወር የማይችል መኪና የቱንም ያህል ቢጠገን ቦሎ አይለጠፍለትም፤ የተጠገነ ጌጥ ሆኖ ግቢ ይቀራል።

ሞተሩን ያየሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በካንዴላዎቹ ቀዳዳ ናፍጣና ዘይት ቀላቅለን አፍስሰን አሳደርነው፤ ሲለቅ ቀስ ብሎ ዞረ፣ አስገድደን አልጠመዘዝነውም። ከዚያ ከኋላ ያለውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅ ይዤ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ወዘወዝኩት። አዲስ ሞተር ላይ ይህ ልቅነት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ0.15 ካለፈ ሞተሩ ተከፍቶ ቡሽንጋው (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) መታየት አለበት። ኳ የሚል ድምፅ ከተሰማ ዋጋው ላይ ሙሉ የሞተር ሥራ መደመር ነው። የእሷ አልተሰማም።

ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚያሳየውን የኮምፕሬሽን መለኪያ በተመለከተ ለጅማና ለሌላው ደጋ አገር ሰው አጥብቄ የምናገረው አለ። የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። እኛ ያለነው 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ንባቡም አንድ አምስተኛ ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ይላል። ይህን ሳያውቁ ጤነኛ ሞተር «አልቋል» ተብሎ ሲፈረድበት አይቻለሁ። ከቁጥሩ ይልቅ አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርስ መቀራረባቸው ይበልጣል። የእሷ ሦስቱ ተቀራረቡ፣ ቁጥር 3 የምትባለው ሲሊንደር ግን ዝቅ አለች። ቁጥር 3 በሾፌሩ በኩል ከፊት ያለችው ናት፤ እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ፊቷ ስለሚቆም ነፋሱ አይደርሳትም፣ ቫልቫዋም ቀድሞ ይቃጠላል። የታወቀ በሽታ፣ የታወቀ መድኃኒት። በጣም ያስደሰተኝ ግን ሞተሩን ዙሪያውን የሚሸፍኑት ላሜራዎች አንድም ሳይጎድሉ መገኘታቸው ነው። ይህች መኪና ውኃ የላትም፤ ቅዝቃዜዋ ያ ነፋስ ነው። ላሜራዎቹን እንደ ትርፍ ዕቃ አውጥቶ የሚጥል ሜካኒክ ብዙ ነው፣ እነሱ የሌሉባት ቮልስ የግቤን ዳገት ስትወጣ ትቃጠላለች።

ሒሳቡን ከባቲላሜራው ጋር አብረን ነው የሠራነው። ጋሼ ወለሉን አጎንብሰው አይተው ዋጋቸውን ነገሩኝ፤ እኔ በዚያ ላይ ግማሹን ጨመርኩ፣ አሮጌ ላሜራ ሲቆረጥ የተደበቀ ስለማይጠፋ። የሞተሩን፣ የፍሬኑን፣ የጎማውን፣ የስም ማዛወሪያውን ደመርኩ። ድምሩ ተሠርታ ብትሸጥ ከምታወጣው በለጠ። ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው መልሱ እዚያው ላይ አልቋል፤ ይተዋት። እኔ የምፈልጋት ልነዳት፣ ለዓመታት ልይዛት ነው። ስለዚህ የጠየቅኩት ሌላ ነው፤ ይህን ገንዘብ ከቤቴ ወጪ ሳልነካ፣ ቀስ በቀስ፣ ሥራው መሃል ላይ ሳይቆም መክፈል እችላለሁ ወይ? እችላለሁ። ገዛኋት።

«መጀመሪያ ሳጥኑን፣ ከዚያ ወለሉን» አሉ ጋሼ። በሮቹ በቦታቸው እንዳሉ በበሩ ክፍተት ውስጥ ብረት በይደው አካሉን አሰሩት፤ ያለዚያ ሳጥኑ ሲቆረጥ አካሉ ይወርድና በሮቹ ዳግመኛ አይገጥሙም። የቀኙ ጎን ተበይዶ አልቋል፣ ጸረ ዝገት ተቀብቷል። ቴስታታው (ቫልቫዎቹን የያዘው የሲሊንደሮቹ ክዳን) ለቫልቫ ሥራ አዲስ አበባ ሄዷል። ከእሱ በፊት ግን የአራቱንም ቸርኬ የፍሬን ሲሊንደሮች እያስቀየርኩ ነው፤ ቆሞ በኖረ መኪና ውስጥ የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል፣ ፒስተኖቹም ይነክሳሉ። ፍሬኗ ሳይሠራ ሞተሯ አይነሳም ብያለሁ።