አየሩ ሙሉ ነው፣ ጎማው ግን አይሄድም

የስምሪት ሥራ መኪና መድቦ ቁልፍ መስጠት ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ጠዋት ጠዋት «ይሄ መኪና ይውጣ ወይስ ይቅር?» ብሎ መወሰንም አለበት። ከሁሉ የሚከብደኝ የጎማ ነገር ነው። ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል፣ ሞተር ሲሞቅ ጌጁ ላይ ይታያል። ጎማ ግን ተጎድቶም እንደ ደህናው ይሽከረከራል።

አንድ ጠዋት ባልደረቦቻችን ለግማሽ ዓመት ግምገማ አዳማ ሊወርዱ ነው። ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ሻንጣ ተጭኗል፣ ሰዉም ገብቶ ጨርሷል። ጥበቃው የኋላ ግራ ጎማ ላይ የተሰካ ሚስማር አየና ጠራን። ያን ጊዜ ሁሉም ወርዶ ሚስማሩን ከበበው። «በዚህ ጎማማ አንሄድም» ያሉም ነበሩ።

ሹፌሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሚስማሩን አንዴ አይተው አለፉት። መሪውን እስከ ጥግ አዞሩና የፊት ጎማዎቹን የውስጥ ጎን በእጃቸው መዳበስ ጀመሩ። ቀኙ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ።

«ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ንካ» አሉኝ።

የግማሽ እንቁላል ያህል እብጠት ነች። ከውጭ ለቆመ ሰው ፈጽሞ አትታይም።

«በቀደም ሌላ ሰው ነድቶት ነበር። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሳይገጭ አልቀረም» አሉ።

የአስተዳደር ኃላፊው ሰዓቱን እያየ መጣ። «ጋሼ፣ አየሩ እኮ ሙሉ ነው። ቀስ ብለው ይንዱት።» በመለኪያ አየነው፤ እውነትም ሙሉ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አየር የሚይዘው የጎማው የውስጥ ላስቲክ ነው። ቅርጹንና ጥንካሬውን የሚሰጡት ግን ላስቲኩ ውስጥ ያሉት ክሮች ናቸው። ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወይም ጠርዝ ሲገጭ ጎኑ በድንጋዩና በቸርኬው (ጎማው በሚገጠምበት ብረት) መሀል ይቆነጠጣል፣ ክሮቹም ይበጠሳሉ። የውስጡ ላስቲክ ካልተቀደደ አየር አይወጣም። ክር በሌለበት ቦታ ግን አየሩ ላስቲኩን ወደ ውጭ ይገፋዋል። እብጠቷም ይቺው ናት። ሰው በጫነ መኪና፣ በአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ፣ ያ ቦታ በእያንዳንዱ ዙር ይተጣጠፋል፣ ይግላልም። መቼ እንደሚፈነዳ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

ጎሚስታው ደርሶ ሚስማሩን ነቀለ። የገባው በጎማው ጥርስ መሀል ነው። ጎማውን ከቸርኬው አውርዶ ውስጡን ፈተሸ፣ ቀዳዳውን ሞልቶ ከውስጥ ፓች ለጠፈበት። ሚስማር መሀል ላይ ከገባ፣ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠና ጎማው አየር ሳይኖረው ካልተነዳ እንዲህ ተሠርቶ ያለ ስጋት ይሄዳል። ሰዉን ሁሉ ያስደነገጠው ነገር ብዙም ሳይቆይ አለቀ።

እብጠቷ ላይ ግን ምክሩ በዛ። አንዱ «ወደ ኋላ አዙሩት» አለ። የኋላ ጎማ ሲፈነዳም መኪና ሊገለብጥ ይችላል። ሌላው «አየር ቀንሱለት» አለ። አየር ሲቀንስ ጎማው ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ይበልጥ ይሞቃል፤ ጉዳቱን ማባባስ ነው። «ካላማዳሪ ይግባበት» ያለም ነበር፤ ጎማው ውስጥ የሚገባውን፣ አየር የሚሞላውን ላስቲክ ማለቱ ነው። ይሄኛው ብዙ ቦታ ሲደረግ አያለሁ፣ ሁሌም ያሳስበኛል። ካላማዳሪ አየር ይይዛል እንጂ የተበጠሰ ክር አይቀጥልም። ጎን ላይ ያበጠ ጎማ ጥገና የለውም።

በስኮርታው፣ በመጠባበቂያው ጎማ፣ ይቀየር ተባለ። ጥርሱ ሙሉ፣ አዲስ የሚመስል ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ 1411 የሚል ቁጥር አገኘን። «የ2011 ነው፣ ገና ነው» አለ ኃላፊው በእኛ አቆጣጠር አስቦ። ቁጥሩ ግን የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋላዎቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ስለዚህ ጎማው የተሠራው በፈረንጆቹ 2011 በ14ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ 2003 መሆኑ ነው። ጠጋ ብለን ስናየው ጎኑ በሙሉ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሸፍኗል። ቆሞም ቢሆን ላስቲክ ያረጃል።

ኃላፊው አሁንም ጋሼን ሊያግባባ ሞከረ። እሳቸውም «ልጄ፣ የነዚህን ሁሉ ሰዎች ነፍስ ይዤ አልነዳውም» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም። እኔም የስምሪት ወረቀቱን አልፈርምም አልኩ። ሁለት የፊት ጎማ ተገዝቶ እስኪገጠም ሰዉ ቢሮ ገብቶ ጠበቀ። አዳማ የደረሱት ከምሳ በኋላ ነው። ቁጣው ለእኔም ለጋሼም ደርሶናል፤ ጋሼ ግን ምስጋና ነበር የሚገባቸው።

ጎሚስታው ያበጠውን ጎማ ሲያወርደው ውስጡን አሳየን። እብጠቷ ባለችበት ቦታ ላይ በቢላ የተሰመረ የሚመስል እጥፋት አለ። ኃላፊው በጣቱ ዳሰሰውና ዝም አለ። የሁለቱን ጎማ ክፍያ በዚያው ዕለት ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ወጣት ሹፌር ተደናግጦ መጣ። «የኔም ጎማ ጎኑ ላይ ምልክት አለው፣ መኪናው ይቁም?» አለኝ። ሄጄ ዳሰስኩት። ወደ ውጭ ያበጠ ሳይሆን ከላይ ወደ ታች የወረደች ስስ ሰርጓዳ መስመር ናት። ጎማው ሲሠራ ክሮቹ የሚደራረቡበት ቦታ እንዲህ ሊሰረጉድ ይችላል፤ ጉዳት አይደለም። አለመገጨቱን ጠየቅኩት፣ የሌሎቹንም ጎማዎች ጎን አብረን ዳበስን፣ አየሩን ለካን። ያንኑ ጠዋት ወደ ደብረ ብርሃን ሸኘሁት።