ከጠረጴዛው ስር የገባችው ሮኬት

ይህን ነገር ለማንም ሳልናገር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ቴክኒሺያን ነኝ። ከሰዓት በኋላ የሳይንስ ክበቡን የምይዘውም እኔ ነኝ። አምና አንድ ወላጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ስድስት የሞዴል ሮኬት ኪት በሻንጣ ይዞልን መጣ። ሞተር ግን የለውም። የሚሠራው በባሩድ ስለሆነ በመንገደኛ ሻንጣ አይመጣም። ስለዚህ ሮኬቶቹ እንደማይተኮሱ ከመጀመሪያው ቀን እናውቅ ነበር። ለልጆቹም ነገርኳቸው። ግን አንድ ነገር ተስማማን፤ ነገ ጠዋት የሚተኮስ ይመስል እንሠራዋለን አልን።

ኪቱ ሲከፈት ዓይን የሚሞላ ነገር የለውም። የወረቀት ቱቦ፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ ስስ የባልሳ ጣውላ፣ ላስቲክ፣ ሮኬቷ ስትወርድ ቀስ እንድትል የሚይዛት የላስቲክ ጃንጥላ፣ በቃ። ልጆቹ ትንሽ ቅር ሲላቸው የጀመረውን ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። ኦርቪል ካርላይል ይባላል። አሜሪካ ነብራስካ ውስጥ ጫማ ቤት የነበረው ሰው ነው፤ የርችት ሥራም ያውቃል። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ፍቅር ነበረው። የመጀመሪያዋን ዘመናዊ ሞዴል ሮኬት በ1954 እ.ኤ.አ. የሠሩት እነሱ ናቸው። "ጫማ ሻጭ ነው?" አለ አንዱ ልጅ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ጣውላው ዞሩ።

የሮኬት ሥራ ክንፉ ላይ ነው ያለው። ቱቦውን ማንም ያጣብቀዋል። ባልሳ ግን ለስላሳ ነው፣ ጥፍር ይገባበታል። የእንጨቱ መስመር ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር ትይዩ ካልሆነ መሬት ሲነካ ቀጭ ይላል። የፊት ጠርዙን ክብ ታደርገዋለህ፣ የኋላውን ታሳሳዋለህ። ኮላውን መጀመሪያ በሁለቱም ወገን ቀባ አድርገህ ትተወዋለህ፤ ጠጥቶ ሲደርቅ ደግመህ ቀብተህ ትጫነዋለህ። ከዚያ ሲለር ነው፤ የእንጨቱን ቀዳዳ የሚደፍን ቅብ። የመጀመሪያው ዙር ሲደርቅ ክንፉ እንደ ኮክ ጸጉር ያወጣል። በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ታሸዋለህ። ደግመህ ትቀባለህ፣ ደግመህ ታሸዋለህ። ቢያንስ ሦስት ዙር። መስመሩ ጠፍቶ ጣትህ ምንም እስከማይሰማው ድረስ።

ይህን ቃል በቃል የያዘችው አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ዝም ያለች ልጅ ናት። ሌሎቹ ሲያወሩ እሷ ታሻለች። ክንፉን ወደ መስኮቱ ታነሳና አንድ ዓይኗን ጨፍና ጠርዙን ታየዋለች፣ ትነፋበታለች፣ ተመልሳ ታሻለች።

ሁለተኛው ሲለር ላይ እያለን ኃላፊያችን ገባ። የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነው፣ ሮኬቶቹ ጠረጴዛ ላይ መውጣት አለባቸው፣ ቀይና ብርቱካናማ ሆነው እንዲያብረቀርቁ እፈልጋለሁ አለ። ማክሰኞ ነበር። "እሺ" አልኩ። ያን "እሺ" እስከ ዛሬ እቆጥረዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ሮኬቶቹን በካርቶን ይዤ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ፍራንኮ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ሄድኩ። እዚያ የመኪና ቀለም የሚቀቡ አንድ አባት አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። አምስት ይዤ ነው የሄድኩት። ስድስተኛዋን ልጅቷ "ገና ናት ቲቸር፣ አንድ ዙር ይቀራታል" ብላ አልሰጥም አለች። አልተቆጣኋትም።

ጋሼ አንዷን አንስተው ክንፏ ላይ አውራ ጣታቸውን አስኬዱ። በጣም ቀስ ብለው ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ደገሙት።

"ይሄ ገና ይጠጣል" አሉ።

"ቅዳሜ ነው የሚፈለገው ጋሼ።"

"ቅዳሜ የማን ነው?"

ገባኝም አልገባኝም። "የወላጆች ቀን ነው" አልኳቸው።

"እኔ የምልህ ሌላ ነው ልጄ። እንጨቱ ቅዳሜን አያውቅም። አሁን ብቀባው ነገ መስመሩ ሁሉ ፈጦ ይወጣል። ቀለም የሚሸፍን ይመስልሃል እንጂ የሚያጋልጥ ነው። ባትላሜራው ያላስተካከለውን በር እኔ ብቀባው እኮ እብጠቱ ከሩቅ ነው የሚታየው።"

"ስቱኮ ቢደረግበትስ?"

ቀና ብለው አዩኝ። እሳቸው ሮኬት አይተው አያውቁም። ግን እጃቸው ላይ ያለችው ነገር ቀላል ሆና የተሠራችው በምክንያት እንደሆነ ገብቷቸዋል። "ይከብድብሃል" አሉ። አንድ ቃል ናት። እኔ ለልጆች ስለ ክብደት የማስተምረው ሰው፣ ያንን ቃል ከቀለም ቀቢ ሰምቼ "ግድ የለም፣ ያድርጉት" አልኩ።

ሠሩት። ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ በእሳቸው የማመካኘው አንድም ነገር የለም። የአዳማን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከከተማው ዳር 51 ሜጋ ዋት እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች የቆሙት ነፋሱ ስላለ ነው። ጋሼ አቧራው ሳይነሳ ብለው ዓርብ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገብተው ረጩት። አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም። አፍንጫው ተነቅሎ፣ ቱቦው ውስጥ የሚገባው አንገቱ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ ነው የሚቀባው። ጃንጥላው እንዲወጣ አፍንጫው መውጣት አለበታ። ይህን መንገር የእኔ ሥራ ነበር። ረሳሁት። እንዳለ ተቀባ፣ እንዳለ ተጣበቀ።

ዓርብ ከሰዓት ሮኬቶቹ ሲመጡ ክበቡ ሙሉ ተሰብስቧል። ያብረቀርቃሉ፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ልጆቹ ጮኹ። እኔ አንዷን ሚዛኑ ላይ አወጣኋት። ሐሙስ 41 ግራም የነበረችው 57 ሆናለች። ስቱኮው የበዛው ክንፎቹ ላይ፣ ማለትም ኋላ ነው።

ሮኬት ቀጥ ብላ የምትሄደው የክብደቷ መሐል ነፋሱ ከሚገፋበት መሐል ቀድሞ ወደ አፍንጫው ሲሆን ነው። ቢያንስ የቱቦዋን ውፍረት ያህል መቅደም አለበት፤ የእኛ ቱቦ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የነፋሱን መሐል ያገኘነው የሮኬቷን ጥላ በካርቶን ቆርጠን፣ ካርቶኑን ማስመሪያ ጠርዝ ላይ ሚዛን አስጠብቀን ነው። በሞተሩ ቦታ ደግሞ ልጆቹ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ቆርጠው፣ ምስማር እየመቱ 24 ግራም ገደማ አደረሱት። ለእንዲህ ዓይነት ሮኬት የሚሆነው፣ C6-5 የሚባለው ሞተር ክብደቱ እዚያ አካባቢ ነው። ከዚያ የክብደቷ መሐል ላይ ክር አስረህ፣ በፕላስተር ይዘህ፣ ከራስህ በላይ ታሽከረክራታለህ። አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ደኅና ናት።

ቀይዋን አስሬ ሜዳ ላይ አዞርኳት። በጎኗ ሄደች። ደግሜ አዞርኳት። በጅራቷ ሄደች። አምስቱንም ሞከርን፤ አራቱ እንደዚያው ናቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አፍንጫው ውስጥ ጥቂት ግራም ጭቃ መጨመር ነው። አፍንጫው ግን አይነቀልም።

ልጅቷ ያልተቀባችውን ይዛ መጣች። ነጭ ቱቦ፣ ቢጫማ ክንፍ። ክሩን ራሷ አሰረች። አዞረቻት። ሮኬቷ አፍንጫዋን አስቀድማ ክቡን ያዘችና ፊው እያለች ዞረች፣ ዞረች። ልጆቹ ዝም አሉ። ቅድም ለቀለሙ የጮኹት ልጆች ናቸው።

ኃላፊያችን ጋ ሄጄ ነገርኩት። አንድ ሳምንት ስጠን፣ አፍንጫዎቹን እናስለቅቃለን፣ ቀለሙን እናሸዋለን አልኩ።

"ይበራሉ እንዴ?" አለኝ።

"አይበሩም። ሞተር የላቸውም።"

"ታዲያ ለማይበር ነገር ምን አስጨነቀህ? ማን ያየዋል?"

ዝም አልኩ። እዚያ ክፍል ውስጥ መልስ አጣሁ። አሁን አለኝ፤ ማታ ማታ እየመጣ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው። ልጆቹ አይተውታል። ሃያ ሁለት ልጅ ሜዳው ላይ ቆሞ በጅራቷ ስትሄድ አይቷል። በትክክል የተሠራ ነገርና ያልተሠራ ነገር ልዩነቱን በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ያልተሠራውን ጠረጴዛ ላይ አውጥተን "ሠራነው" ስንል ምን እንደሚማሩ አስቡት። ደግሞ አብዛኛው የምናስተምረው ነገር እኮ አይበርም። ልጁ ድልድይ በወረቀት ይሠራል፣ ማንም አይሻገርበትም። ግን ሰው የሚሻገርበት ይመስል እንዲያሰላ እንነግረዋለን።

ይህን ሁሉ አላልኩም። "እሺ" ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛው "እሺ" ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጠፈ። አምስቱ ተደረደሩ። ኃላፊያችን ያልተቀባችውን አየና "ይቺ ታስቀይማለች፣ አንሳት" አለኝ። አነሳኋት። የማስቀምጥበት ሌላ ቦታ አጣሁና ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ከጠረጴዛው ስር አስገባኋት። በገዛ እጄ።

ልጅቷ ከእናቷ ጋር መጣች። እናት የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ለበዓል እንደሚወጣ ሰው። "የታለ ያንቺ?" ሲሏት ሰማሁ። ልጅቷ ጠረጴዛውን አየች፣ እኔን አየች።

"ቲቸር፣ የኔስ?"

"ስላልተቀባች ነው" አልኳት። ያልኩት እሱን ብቻ ነው። ለእናትየው አንድ ነገር ማለት እችል ነበር። ከልጆቹ ሁሉ በትክክል የሠራችው እሷ ናት ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? ፎቶ ይነሳ ነበር፣ ሰው ይበዛ ነበር፣ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ደርድሬያለሁ። አንዱም አያሳርፈኝም።

አምስቱ ሮኬቶች ዛሬም ቢሮው ውስጥ መስታወት ውስጥ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ይጎበኛሉ። የሁለቱ ክንፍ ላይ ጋሼ እንዳሉት መስመሩ ወጥቷል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ይታያል። እኔ ከዚያ ወዲህ ክበቡ ውስጥ ገና እንጨት ሳይቆረጥ የሚደርቅበትን ቀን ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ማንም ቀን ሊያሳጥርብኝ ሲመጣ ሰሌዳውን አሳየዋለሁ። እስካሁን ሠርቷል።

ግን የከነከነኝ የማድረቂያው ቀን አይደለም። ሰኞ ዕለት ልጅቷን ከክፍል አስጠርቼ፣ ሮኬቷን በሁለት እጄ ሰጠኋት። "ትክክለኛዋ ያንቺ ናት፤ ይህን እንድታውቂ ብዬ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ ቲቸር" አለችኝ። "አዙረናት አይተናል እኮ።"

ክንፏን በአውራ ጣቷ ዳሰስ አደረገች። ጨርቁ ስር ስትገባ አንዱ ጠርዝ ትንሽ ተጭሮ ነበር።

"ታዲያ እያወቁ ለምን ስር አስገቧት?"