ዝገቱን እንጂ ብረቱን አትፋቁ

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ የመስክ ቢላ ይዞ ብየዳ ቤት ለሄደ ሰው መልሱ ያው ግራይንደር ነው። በአምስት ደቂቃ እንደ መስታወት ያበሩለታል፤ ከዚያ በኋላ ቢላው አንድ ሲባጎ ቆርጦ ሳይጨርስ ይዶለዱማል። ጥፋቱ ግራይንደሩ ሲፍቅ የሚፈጥረው ሙቀት ነው። የካርቦን ብረት ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ በኋላ እንዳይሰባበር በ200 ዲግሪ አካባቢ እንደገና ይሞቃል። ከዚያ ብዙ ካለፈ ይለሰልሳል። የገለባ ቀለም ከታየበት 220 ገደማ ደርሷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ተጠግቷል፣ ያ ቦታ ስለቱን ቶሎ ይጥላል። ቀድሞ የሚግለው ደግሞ ቀጭኑ ክፍል፣ ስለቱና ጫፉ ነው። እጀታ ቢሰበር ይተካል፤ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም። ስለዚህ ብረቱ ላይ የሚሠራው ሁሉ በእጅ ይሁን።

መጀመሪያ የብረቱን ዓይነት ለዩ። ማግኔት አይረዳም፤ የማይዝጉት የቢላ ብረቶችም አብዛኞቹ ይሳባሉ። ትንሽ ቦታ አጽድታችሁ የሎሚ ጠብታ አሳርፉበት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ከጠቆረ የካርቦን ብረት ነው። ከዚያ እጀታውን እዩ። ውስጡ ክፍት ሆኖ ክብሪትና መንጠቆ የሚያዝበት ዓይነት ከሆነ፣ ብረቱ ብዙውን ጊዜ እጀታው አፍ ላይ ስለሚያልቅ ለፍልጥ አይሆንም። እሱን አጽድቶ ስሎ መተው ይበቃል። ድካም የሚገባው ብረቱ እስከ እጀታው ጫፍ ለሚዘልቀው ነው።

እጀታውን አውልቃችሁ ብረቱን ሌሊቱን በነጭ ጋዝ ዘፍዝፉት፣ ከእሳት አርቃችሁ። ጠዋት ጫፉ በተጠፈጠፈ የመዳብ ሽቦ ፋቁት፤ መዳብ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ብቻ ያነሳል። ለግትሩ ዝገት አቼቶ ይሠራል፣ ግን በየግማሽ ሰዓቱ እያወጣችሁ እዩት፤ ረስተውት ካደረ ጤነኛውንም ብረት ይበላል። ሲወጣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ይድረቅ። ፋብሪካው የቀባው ጥቁር ሽፋን ገና ካለ አቼቶ አታስጠጉት፤ ሽፋኑንም ይልጠዋል።

ጉድጓዶቹ ውስጥ የሚቀረውን ቀይ ዝገት ለማጥፋት ብረቱን መሞረድ ትልቁ ስህተት ነው። ይልቅ በንጹህ ውሃ 30 ደቂቃ ቀቅሉት፤ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ ጥቁሩ ብረቱን አይበላውም። በፈላ ውሃ ሙቀት የብረቱ ጥንካሬ አይነካም። የድሬ ውሃ ግን ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት እንደሚጥለው ሁሉ ብረቱም ላይ ይጥላል፤ የዝናብ ውሃ ወይም የተጣራ የባትሪ ውሃ ተጠቀሙ። ስትገዙ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ጽሑፉን አንብቡ።

ስለቱን በድንጋይ ስትስሉ የሚያስቸግረው አንድ ዓይነት ዘንበል መጠበቅ ነው። ቀላሉ መለኪያ፦ የቢላውን ጀርባ ከድንጋዩ የስፋቱን ሲሶ ያህል ከፍ ማድረግ። ስፋቱ 3 ሴንቲ ከሆነ 1 ሴንቲ ከፍ ይላል፣ ይህም 20 ዲግሪ ነው። እንጨት ለሚፈልጥ ቢላ 1.25 ሴንቲ አድርጉት። ስለቱን በማርከር ቀቡና ሁለት ጊዜ ስባችሁ ተመልከቱ፤ ቀለሙ ከላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባው በጣም ዝቅ ብሏል፣ ከስለቱ አፍ ብቻ ከለቀቀ በጣም ከፍ ብሏል። በሌላው ጎን አውራ ጣት ላይ የሚሻክር ቀጭን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪወጣ ጎን አትቀይሩ። ያንን ጠርዝ በመጨረሻ የቆዳ ቀበቶ ውስጠኛው ገጽ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ ጣሉት።

እጀታው ላይ እንደ ልባችሁ ሁኑ። እኔ ከወይራ የሚበልጥ አላይም፤ ጠንካራ ነው፣ መልኩም ያምራል። ከሐረርጌ ደጋ የወረደ እርጥብ ወይራ ግን ቆላው ላይ ይሰነጠቃል። ከቆረጣችሁት በኋላ ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀብታችሁ ለወራት ጥላ ውስጥ አቆዩት። በእያንዳንዱ ጎን 8 ሚሊ ውፍረት ይበቃል። ችንካሩ የናስ ብየዳ ዘንግ ሊሆን ይችላል፤ ብረቱ ላይ ያሉትን የድሮ ቀዳዳዎች ተጠቀሙ፣ አዲስ መብሳት የመሰርሰሪያ ፑንታ ይፈጃል። ወደ ስለቱ የሚዞረውን የእንጨቱን ፊት ከመለጠፋችሁ በፊት አለስልሱት፤ በኋላ ብርጭቆ ወረቀት ብታስጠጉ ብረቱን ትጭራላችሁ። መለጠፊያው ኢፖክሲ ኮላ በሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራውን ማለዳ ያዙት። ሞርሳውም በልኩ ይጥበቅ፤ ኮላው ሁሉ ተጨምቆ ከወጣ የሚይዘው ነገር የለም።

ከ120 እስከ 400 ቁጥር ባለው ብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሳችሁ በኋላ የተልባ ዘይት በስሱ ቀቡት። የቀባችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ፤ ሲደርቅ ስለሚሞቅ በራሱ ሊነድ ይችላል፣ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ለብረቱ የሞተር ዘይት አይሆንም፤ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ሰብስቦ አፎቱ ውስጥ ይፈጨዋል። ምግብ ለሚቆርጥ ቢላ ፋርማሲ የሚሸጠው ፈሳሽ ፓራፊን ይሻላል፣ ጠብ አድርጎ በጨርቅ ማበስ ብቻ። ቢላው ሥራ ከሌለው ከቆዳ አፎቱ ውጭ ይቀመጥ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።