የተረፈ ዱቄትና የጅማ ክረምት

ሰኔ ገብቷል፤ ኮምፕረሰሩ ውሃ መትፋት ጀምሯል። በፓውደር ቀለም ሥራ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላ ደረቅ የቀለም ዱቄት ብረት ላይ ተረጭቶ በኦቨን በሚበስልበት ሥራ፣ የጅማ ክረምት ቀድሞ የሚጎዳው ከቡዙ (ከመርጫ ክፍሉ) የሚሰበሰበውን ትርፍ ዱቄት ነውና ነገሩን በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ከጋን (ከመርጫ ሽጉጡ) የወጣ ዱቄት ሁሉ ብረት ላይ አይቀርም። ሰፊ ላሜራ አብዛኛውን ይይዛል፤ የመስኮት ፍርግርግና ቀጭን ቱቦ ሲሆን ግን የሚበዛው አልፎ ይሄዳል። ስለዚህ ከመሰብሰብ በፊት ብክነቱን መቀነስ ይቀድማል። ዕቃው የሚንጠለጠልበት መንጠቆ የበሰለ ቀለም ከለበሰ ብረቱ ኧርዝ (ከመሬት ጋር የኤሌክትሪክ ግንኙነት) አያገኝም፣ ዱቄቱም አይጣበቅም። ከዕቃው እስከ መሬት ያለው ሬዚስታንስ ከ1 ሜጋ ኦም መብለጥ የለበትም። መንጠቆ መፋቅ አሰልቺ ነው፤ ግን ከማንኛውም ፊልተር የበለጠ ዱቄት ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ሳይክሎን (አየሩን አሽከርክሮ ዱቄቱን የሚለይ ዕቃ) ያለው ቡዝ ከባዱን ዱቄት ወደ በርሜል ያወርዳል፤ ከ10 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) በታች የሆነው ብናኝ በአብዛኛው ወደ መጨረሻው ፊልተር ያመልጣል። ያ ብናኝ ተመልሶ መግባት የለበትም፤ ቱቦ ውስጥ በወጉ አይፈስም፣ ጋኑ አፍ ላይ ተጠራቅሞ ጓል ጓል እየሆነ ብረቱ ላይ ይወድቃል። በካርትሪጅ (በቱቦ ቅርጽ ፊልተር) ብቻ በሚሠራ ቡዝ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚወርድ ብናኙ በየዙሩ ይበዛል። የተሰበሰበ ዱቄት ብቻውን የማይረጨውም ለዚህ ነው። አንድ እጅ የተሰበሰበ ለሁለት እጅ አዲስ፣ በ150 ማይክሮን ወንፊት ተነፍቶ፤ ከዚህ በላይ ማብዛት አልወድም። ብርማና ወርቃማ ቀለም ጨርሶ ባይመለስ ይሻላል፤ የብረት ቅርፊቱ መጠን ስለሚዛባ የዛሬው በር ከትናንቱ ጋር አይመሳሰልም።

ወደ ውሃው ልመለስ። ካርትሪጁን የሚያራግፈው የአየር ምት እርጥብ ከሆነ ዱቄቱ ፊልተሩ ላይ ይጋገራል። ምልክቱ የግፊት መለኪያው ላይ ይታያል፤ ከምቱ በኋላም መርፌው አይወርድም። ብዙ ሰው ያኔ የምቱን ግፊት ይጨምራል፤ ካርትሪጁ ይቀደድና ዱቄቱ በማራገቢያው በኩል ይወጣል። የሚያዋጣው ድራየር (አየር ማድረቂያ) ማስገባት፣ ጠዋት ጠዋት የታንኩን ውሃ ከሥር ማፍሰስ፣ የአየር መስመሩንም ወደ ማፍሰሻው ማዘንበል ነው። ነጭ ጨርቅ አየር መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይያዝ፤ ከረጠበ ወይም ዘይት ከነካው የዚያን ቀን ቀለም አይረጭም። የተሰበሰበው ዱቄትም በጭብጥ ተጨምቆ በጣት ሲነካ ካልፈረሰ ይጣል።

ለጽዳት የቤት ቫኪዩም ክሊነር ቡዝ ውስጥ አይገባም፤ የሞተሩ ብልጭታ የተንሳፈፈውን ዱቄት ሊያቀጣጥል ይችላል። ማራገቢያው እየሠራ በጎማ መጥረጊያ ወደ መሰብሰቢያው መግፋት ነው። የብሎን ጥርስ ላይ የሰፈረው ትርፍ ደግሞ ኦቨን ሳይገባ በለስላሳ ብሩሽ ይነሳ፤ ከበሰለ በኋላ ጥርሱን እንደገና ማውጣት ግድ ይሆናል።