ወረፋ፣ ትርኢትና ሂሳብ፦ በቱሪስት ሰፈር ባለ ጭብጥ ምግብ ቤት የእንግዳውን ሰዓት ያስተካከልኩበት መንገድ

ጫካ፣ መርከብ ወይም የሙዚቃ መድረክ መስሎ የተሠራ፣ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ምግብ ቤት በቱሪስት ሰፈር ሲከፈት፣ ከእንግዶቹ አብዛኞቹ የሚመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰፈር ደንበኛ ዛሬ ቢከፋ በሚቀጥለው ሳምንት ይካሳል። ቱሪስቱ ግን ነገ አውሮፕላን ላይ ነው። ስለዚህ የአዳራሹን ሥራ ስይዝ ጌጡንም ሜኑውንም ሳልነካ የጀመርኩት ሰዓት ከመመዝገብ ነው። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አምስት ሰዓቶችን አጻፍኩ፦ እንግዳው በር ላይ ስሙን የሰጠበት፣ የተቀመጠበት፣ ትዕዛዝ የተወሰደበት፣ ምግብ የደረሰበትና ከፍሎ የተነሳበት። ቅሬታ ሲመጣ ከጠረጴዛው ቁጥር ጋር አብሮ ይመዘገባል። ሁለት ሳምንት ከበቂ በላይ ነው፤ ቅሬታው በየትኛው ክፍተት ላይ እንደሚከማች ወረቀቱ ራሱ ያሳያል።

በመጀመሪያ የተገለጠልኝ በር ላይ የሚነገረው የመጠበቂያ ጊዜ በግምት የሚሰጥ መሆኑ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 30 ጠረጴዛ ካለና አንድ ቤተሰብ በአማካይ 75 ደቂቃ ከተቀመጠ፣ በየ2 ደቂቃ ተኩሉ አንድ ጠረጴዛ ይለቀቃል። ከፊቱ 12 ቡድን ያለበት ሰው 30 ደቂቃ ይጠብቃል ማለት ነው። ጆን ሊትል በ1961 በሒሳብ ያረጋገጠው የወረፋ ሕግም መሠረቱ ይኸው ነው፦ በውስጥ ያለው ብዛት የሚገባው ፍጥነት በቆይታው ጊዜ ሲባዛ ነው።

ይህ አማካይ ግን ያሳስታል። ሰውን የሚያስቀይመው ስህተትም የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከ30ው ጠረጴዛ 12ቱ የሁለት ሰው፣ 14ቱ የአራት፣ 4ቱ ብቻ የስድስት ሰው ናቸው እንበል። ሁለት ሰዎች 48 ደቂቃ ቢቆዩ የእነሱ ጠረጴዛ በየ4 ደቂቃው ይለቀቃል። ስድስት ሆነው የመጡት 80 ደቂቃ ቢቆዩ የእነሱ የሚለቀቀው በየ20 ደቂቃው ነው። በየወረፋቸው ሦስተኛ የሆኑ ጥንዶች 12 ደቂቃ ሲጠብቁ፣ ሦስተኛ የሆነው ትልቅ ቤተሰብ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ሁለቱንም «20 ደቂቃ ገደማ» ብሎ ማስቆም አንደኛውን መዋሸት ነው። ቤተሰቡ ከኋላው የመጡት ጥንዶች ሲገቡ ያያል፤ ተራዬን ተነጠቅሁ ይላል፤ ማብራሪያ የሚሰጠው ሰው ስለሌለ ሳይሆን ማብራሪያው ዘግይቶ ስለሚመጣ ቁጣው አይበርድም።

ስለዚህ ወረፋውን በጠረጴዛ መጠን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፤ ስም ሲመዘገብም «የእናንተ መጠን ጠረጴዛ ጥቂት ስለሆነ ተራው ለብቻው ነው» ተብሎ እዚያው እንዲነገር አደረግሁ። ከምሳ ግፊት በፊት አራት የአራት ሰው ጠረጴዛዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጌ አገጣጥማለሁ። የስድስት ሰው ቦታ ከ4 ወደ 6 ያድጋል፣ የሚለቀቅበት ጊዜም ከ20 ወደ 13 ደቂቃ ገደማ ይወርዳል። በምትኩ የአራት ሰዎች ተራ ከ4 ደቂቃ ከምናምን ወደ 6 ይረዝማል። በቱሪስት ሰፈር ትልልቅ ቤተሰብ ስለሚበዛ ልውውጡ ያዋጣል። ግፊቱ ከጀመረ በኋላ ማገጣጠም ግን አይሞከርም፤ ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ጠረጴዛዎች እኩል እስኪለቀቁ አንዱ ባዶ ቆሞ በር ላይ ያለው ሕዝብ ያየዋል።

ስሌቱ ከሰጠው ላይ ሩቡን ጨምሬ አንድ ቁጥር ብቻ አስነግራለሁ፦ 20 ከሆነ 25። «ከ20 እስከ 30» ሲባል ሰው የሚይዘው 20ን ነው። ከተነገረው ቀድሞ የተጠራ እንግዳ ደስ ብሎት ይገባል፤ 5 ደቂቃ ያለፈበት ግን ተቀምጦም ሰዓቱን ማየት አያቆምም።

ሌላው ትልቅ ነገር ትርኢቱ ነው። በ1971 ለንደን ላይ በተከፈተው ሃርድ ሮክ ካፌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጊታር እንግዳን አያቋርጥም። በ1994 በአሜሪካ ሚኒሶታ በሞል ኦፍ አሜሪካ የጀመረው ሬይንፎረስት ካፌ ያመጣው ዓይነት፣ በየተወሰነ ደቂቃ ነጎድጓድ የሚያሰማና መብራት የሚያጠፋ አዳራሽ ግን የማድ ቤቱን ሥራ ጭምር ይቆራርጣል። ትርኢቱ በየ30 ደቂቃው ለ4 ደቂቃ ቢቀጥል፣ በዚያ ጊዜ ማንም ትዕዛዝ አይወስድም፤ መብራት ሲመለስ ስድስት አስተናጋጆች እያንዳንዳቸው የሦስት ጠረጴዛ ትዕዛዝ ባንዴ ያስገባሉ። 18 ጠረጴዛ ማለት ነው። ማድ ቤቱ በ2 ደቂቃ የአንድ ጠረጴዛ ምግብ ካወጣ የመጨረሻው 36 ደቂቃ ይጠብቃል። እንግዳው ምግብ ሠሪው ሰነፍ ነው ይላል፤ ጥፋቱ ግን የሰዓት አደራደሩ ነው።

ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ትርኢቱ ሊጀምር 6 ደቂቃ ሲቀረው አዲስ የምግብ ትዕዛዝ ወደ ማድ ቤት መላክ ይቆማል፤ በዚያች ክፍተት የተቀመጠ እንግዳ መጠጥ ብቻ ያዝዛል፣ መጠጡም ከጨለማው በፊት ይደርሰዋል። መጠጥ የያዘ ሰው ትርኢቱን ይመለከታል፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ አስተናጋጁን ይፈልጋል። ከትርኢቱ በኋላ እንግዳ ሲገባ ለአንድ አስተናጋጅ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከሁለት ጠረጴዛ በላይ አይሰጠውም። የቱሪስት አውቶቡሶች ሙሉ ሰዓት ላይ ሰው የሚያራግፉ ከሆነ ትርኢቱን ከሙሉ ሰዓት አንሥቶ ሰዓቱ ካለፈ 10 እና 40 ደቂቃ ላይ ማድረግ ብቻውን ግፊቱን በግልጽ ያቀለዋል።

በጨለማ ትኩስ ሳህን ይዞ መሄድ ክልክል ስለሆነ የደረሰ ምግብ መውጫው ላይ ይቆማል። ምግብ በሚያሞቅ መብራት ሥር ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከቆየ ለጤና አያሰጋም፤ ጣዕሙ ግን ይጎዳል። ክዳን አይደፋበትም፦ የታፈነው እንፋሎት የተጠበሰውን ነገር ያረጥበዋል፣ ያለሰልሰዋል። የተሻለው የተጠበሰውን ትርኢቱ ሊያልቅ 1 ደቂቃ ሲቀረው ዘይት ውስጥ መክተት ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበትን ቤተሰብ ከድምፅ ማጉያና ከሚንቀሳቀሱ አሻንጉሊቶች አርቄ አስቀምጣለሁ፤ ሲያስቀምጡም «በዚህ ሰዓት ይጨልማል፣ ይጮኻል» ተብሎ ለወላጅ ይነገራል። ያልተነገረው ልጅ ያለቅሳል፣ ቤተሰቡም ሳይበላ ይነሳል።

ስለ ድምፅ ካነሳን፦ መደበኛ ንግግር 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ጆሮ እጥፍ ያህል ጮኸ ብሎ ይሰማዋል። ሙዚቃው ወደ 80 ከተጠጋ አስተናጋጁ ትዕዛዝ ያሳስታል። በተለይ አደገኛው የአለርጂ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ 14 አለርጂ አምጪዎችን ይዘረዝራል፤ አሜሪካ ሰሊጥን በ2023 ጨምራ 9 አድርጋለች። እንግዳው በሌላ አገር ቅርንጫፍ ያንኑ ምግብ በሰላም ስለበላ እዚህም አንድ ነው ብሎ ያምናል። ስሙ አንድ ቢሆንም ዘይቱ፣ ስጎውና ዱቄቱ ከሌላ አቅራቢ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «እንደማንኛውም ቅርንጫፋችን ነው» የሚል መልስ ከለከልኩ። የዚህ ቅርንጫፍ ዝርዝር ወረቀት ይመጣል፣ እንግዳው በጣቱ ያሳያል፣ አስተናጋጁ መልሶ ያነባል። የቋንቋ ችግር ሲኖርም የሚያድነው ጣት ነው፤ ለዚህም በሜኑው ላይ እያንዳንዱን ሥዕል ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

ጭስ የሚያወጣ መጠጥ ከተሸጠ አንድ ሕግ አይዘለልም። ጭሱን የሚሰጠው ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሆነ ከንፈርና ጉሮሮ ያቃጥላል። በድርብ ብርጭቆ ውጪኛው ክፍል ይቀመጣል እንጂ በሚጠጣው ውስጥ አይገባም።

ሂሳብ ላይ ያለው ቅሬታ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ከድንገተኛነቱ ይመጣል። የአገልግሎት ክፍያ ካለ ሜኑው ላይ ከዋጋው ጎን ተጽፎ፣ አስተናጋጁም ሂሳብ ሲያቀርብ በጣቱ ማሳየት አለበት፤ አለዚያ ቱሪስቱ ሳያውቅ በላዩ ጉርሻ ይጨምርና ሆቴሉ ደርሶ ደረሰኙን ሲያይ ተታለልኩ ይላል። የካርድ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ወይስ በዚህ አገር ገንዘብ?» ብሎ ሲጠይቅ መምረጥ የካርዱ ባለቤት መብት ነው። አስተናጋጅ ለማፋጠን ብሎ «በአገርህ ገንዘብ» የሚለውን ቁልፍ ከተጫነ ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ምንዛሪ ያስከፍለዋል፤ ማሽኑ ለእንግዳው ይሰጥና አስተናጋጁ ፊቱን ያዞራል። ሂሳብ ለየብቻ እንደሚከፈል መጠየቅ ያለበት ትዕዛዝ ሲወሰድ ነው፤ በመጨረሻ ሲጠየቅ የስምንት ሰው ሂሳብ መክፈል 10 ደቂቃ ይበላል፣ የሚቀጥለውም ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ፎቶ የሚሸጥ ከሆነ መግቢያው ላይ ፈቃድ ተጠይቆ ይነሳል፣ ለሕፃን ደግሞ ወላጁ ይጠየቃል። የሚታየውም ሂሳብ ከተከፈለ በኋላ መውጫው ላይ ነው እንጂ ሰው ሹካ ይዞ ሳለ አይደለም። የመታሰቢያ ዕቃው ሱቅ ካሸር ከምግብ ሂሳብ ጋር አይቀላቀል። ሻንጣና የሕፃን ጋሪ ደግሞ በር አጠገብ ቁጥር ተለጥፎባቸው ይቀመጡ፤ መተላለፊያ ላይ የቆመ ሻንጣ መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው መሰናክል እሱ ነው።