ሚያዝያ 27፣ ሁለቴ ከተማ የተገባበት ቀን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአርበኞች የድል ቀን በሰላም አደረሳችሁ፤ አደረሰን!

በበዓል ዋዜማ አንዲት የቆየች አመል አለችኝ። ካላንደሩን ገልጬ «በዚህች ቀን ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ምን ሆነ?» እያልኩ እለቃቅማለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው እርስ በርሱ የማይተዋወቅ ነገር ነው፤ አንዱ ንጉሥ ይሞታል፣ አንዷ ዘፋኝ ትወለዳለች፣ የሆነ ቦታ ውል ይፈረማል። ሚያዝያ 27 ላይ ስደርስ ግን ቆም እላለሁ። የዚህች ቀን ሁለት ትልልቅ ነገሮች የተገጣጠሙት እንዲያው አይደለም። ሰው ቀን ቆጥሮ ነው ያገጣጠማቸው።

መጀመሪያ 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። አዲስ አበባ ያለ ባለቤት ቀረች፤ ሱቁ ተዘረፈ፣ ቤቱ ተቃጠለ። ሚያዝያ 27 ከሰዓት በኋላ የጣልያኑ ማርሻል ባዶሊዮ የመኪና ሰልፉን አስከትሎ ገባ። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሆኖ ግዛተ ነገሥቱን አወጀ። ጣልያኖቹ ጦርነቱ አለቀ አሉ። ሸዋ ላይ እነ አበበ አረጋይ፣ ጎጃም ላይ እነ በላይ ዘለቀ አላለቀም አሉ። ከተማው ውስጥ ደግሞ እነ ሸዋረገድ ገድሌ በጠላት አፍንጫ ሥር ለአርበኛው ያቀብሉ ነበር።

ቀጥሎ 1933 ዓ.ም.። ብዙ ሰው የማያስተውለው እዚህ ጋ ያለውን አንድ ወር ነው። በጄኔራል ካኒንግሃም የሚታዘዘው የእንግሊዝ ጦር አዲስ አበባ የገባው መጋቢት 28 ነበር። የሚገርመው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በዚያው ዕለት ደብረ ማርቆስ ገብተዋል። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥር 12 ቀን ሱዳን ድንበር፣ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅሎ ዓባይን ለሚሻገር ሰው ይህ ምኑም አይደለም። ግን አልገቡም። እንግሊዞቹ «ንጉሡ ከገቡ ሕዝቡ ከተማው ውስጥ ባሉት ጣልያኖች ላይ ይነሣል» ብለው ፈርተው ነበር፤ አዘገዩአቸው። መዘግየቱ ካልቀረ ታዲያ የቀረው ቀን መምረጥ ነበር። ሚያዝያ 27 ተመረጠ። ባዶሊዮ ከገባበት ቀን ልክ በአምስት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ሳይጎድል ሳይተርፍ፣ በእንጦጦ በኩል ወረዱ፤ እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ከፊት በፈረስ። በዚያ ዕለት ንግግራቸው ላይም ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ ለመኑት።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ የሚባል አለ፤ እኔም የምለው አለኝ፣ በተለይ በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገሩ መንግሥት መሰቀሉን ሳስብ። ይህችን ቀን መምረጣቸውን ግን ሁልጊዜ አደንቃለሁ። ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። የሠሩት ጣልያኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ እርከን ፋሺስቱ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከድሉ በኋላ ማንም አላፈረሰውም። ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። ሚያዝያ 27 ለእኔ እንደዚያ ደረጃ ናት፤ ባዶሊዮ የቆጠራት ቀን ላይ አንበሳ ተቀመጠባት።

ደርግ መጥቶ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ሚያዝያ 27 የንጉሡ መግቢያ ናት፣ ከተማዋ ከጣልያን እጅ የወጣችው መጋቢት 28 ነው፣ የሚል ክርክር ነው፤ ከንቱ ክርክርም አይደለም። ቀኗ ወደ ቦታዋ የተመለሰችው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አምና የላክሁላችሁን መልእክት ላርም። «ደርግ ከበዓልነት የሰረዛት ቀን የካርል ማርክስ ልደት ናት!» ብዬ ተሳልቄ ነበር። አብዮት አደባባይ ላይ ምስሉን የሰቀለለትን፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ሐውልት የቆመለትን ሰውዬ ልደት! ስላቁ ጣፍጦኝ ሒሳቡን አላየሁትም። ማርክስ ትሪየር ከተማ የተወለደው ሜይ 5 ቀን 1818 ነው፤ ሜይ 5 ዛሬ ሚያዝያ 27 ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልነበረም። ፈረንጆቹ በ1900 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉት፣ እኛ ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ባለው መቶ ዓመት ያለው ቀን በአንድ ይንሸራተታል። ማስረጃውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 በእነሱ ማርች 1 ነበር፣ ዛሬ ስናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነን። በዚህ ስሌት ማርክስ የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ዓ.ም. ነው። ናፖሊዮንም ሴንት ሄለና ደሴት ላይ የሞተው፣ ሜክሲኮዎችም ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፉት በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 28 ሊሆን ነው። ይቅርታ፣ ጓድ ማርክስ።

ከፈረንጆቹ 1900 ወዲህ ያሉት ግን የእኛዋ ቀን ላይ ያርፋሉ። ኔዘርላንድስ ከናዚ ነፃ የወጣችበትን የምታከብረው በዚሁ ዕለት ነው፤ ያም 1937 ዓ.ም. ነበር፣ በላይ በተሰቀለበት ዓመት። በ1941 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ አሥር አገሮች የአውሮፓን ምክር ቤት ሲመሠርቱ ከፈራሚዎቹ አንዷ ጣልያን ነበረች፤ ባዶሊዮ አዲስ አበባ በገባ በ13 ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። እነዚያ ፈራሚዎች ይህን አስታውሰው የመረጡት አይመስለኝም። በ1953 አለን ሼፐርድ ለ15 ደቂቃ ያህል ወደ ሕዋ ወጥቶ ተመለሰ፣ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ሆኖ። በ2015 ደግሞ ዶክተር ቴድሮስ አድኖም የኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን ያወጁት በዚሁ ዕለት ነው።

የአዋላጆች ዓለም አቀፍ ቀንም ዛሬ ነው። ይህ ደግሞ ቀጥታ ወደ አክስቴ ይወስደኛል።

አክስቴ የተወለደችው ሚያዝያ 27 ቀን 1943፣ አራት ኪሎ አካባቢ ነው። አያቴ ስታወራ ቀኑን «መድኃኔዓለም ዕለት» እንጂ በቁጥር ጠርታው አታውቅም። ምጡ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስጨንቃት አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ለበዓሉ መድፍ መተኮስ ይጀምራል። አዋላጇ ሴትዮ ከገጠር የመጣች ናት፤ የጣልያንን ጊዜ አይታለች። የመጀመሪያው መድፍ ሲጮኽ «መጣ! ተመልሶ መጣ!» ብላ አልጋው ሥር ትገባለች። አያቴ ከላይ ሆና «ኧረ ውጪ! ልጅቷ መጣች!» ትላለች። ስንተኛው መድፍ ላይ እንደተወለደች በቤታችን እስከ ዛሬ ክርክር ነው፤ አያቴ ዘጠነኛው ትል ነበር፣ አጎቴ አሥራ አንደኛው ይላል፣ በጊዜው ግን የአራት ዓመት ልጅ ስለነበር ምስክርነቱን ማንም አይቀበለውም።

በደርግ ጊዜ መድፉ ወደ መጋቢት 28 ሄደ። እሷ ልደቷን አላዘዋወረችም። በበዓሉ ማግስት ጓደኞቿ «ልደትሽስ?» ሲሏት «ገና አንድ ወር ይቀራል፣ መድፉ ነው የቸኮለው» ትል ነበር አሉ። መድፉ ወደ ቦታው ከተመለሰ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ማለዳ ተነሥታ፣ ጋቢዋን ደርባ፣ መስኮት ከፍታ ትቆጥራለች። ሃያ አንድ መሙላት አለበት።

አራት ኪሎ፣ የድሉ ሐውልት ጋ ስሄድ የማያቸው አባት አርበኞች በየዓመቱ እያነሱ ነው። አሁን አሁን ጎፈሩንና ሜዳልያውን አድርገው የሚሰለፉት በአብዛኛው ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው፤ አንድ ወጣት የአያቱ ኮት ሰፍቶት እጅጌውን ሁለቴ አጥፎ አይቻለሁ። ሜዳልያዎቹ ከኮቱ ጋር እየተወዛወዙ ይንጫጩ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት።

«እንኳን አደረሰሽ፣ እንኳን ተወለድሽ። ሞላ?»

«ከአሥራ ሰባት በኋላ ጠፋብኝ» አለች። «የጎረቤት ጄኔሬተር ተነሣብኝ። አንተ ቆጥረሃል?»

ተኝቼ ነበር። «ሃያ አንድ» አልኳት።

«ዋሾ» ብላ ዘጋችብኝ።

መልካም በዓል! ከመካከላችሁ ዛሬ የተወለዳችሁ ካላችሁ፣ ስንተኛው መድፍ ላይ እንደሆነ ንገሩኝ።