ሁለት ምላጭ ወይስ አንድ? ጣቴ እምቢ ያለኝ ስምንት ወር

ባለፈው ቅዳሜ ወደ እኔ የሚመጡ ሁለት የሸክላ ኢላማዎችን አከታትዬ ሰበርኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተወረወሩ ነበሩ። የመጀመሪያውን ገና ሩቅ ሳለ በኋለኛው ምላጭ መታሁት። ሁለተኛውን አናቴ ላይ ሊደርስ ሲል በፊተኛው። ጣቴ አላመነታም። ጠመንጃውን ከፍቼ ቀለሃዎቹን ሳወጣ እጄ በደስታ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለብዙዎቻችሁ ይህ የተለመደ ነገር ይሆናል። እኔ ግን እዚህ ለመድረስ ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። በጎን ለጎን ጠመንጃ (ሁለቱ አፈሙዞች አጠገብ ለአጠገብ የሆኑበት) ላይ አንድ ምላጭ ይሻላል ወይስ ሁለት የሚለውን ሳወጣና ሳወርድ ስለከረምኩ፣ ያየሁትን ላካፍላችሁ። ምላጭ ስል ጣት የሚስበውን ነው። ቃታ የምትሉትም እሱኑ ነው።

አጀማመሬን አላስረዝመውም። ሁለት ዓመት ያህል የተኮስኩት አንዱ አፈሙዝ በሌላው ላይ በተደረበበት፣ ባለ አንድ ምላጭ ጠመንጃ ነው። እሱ ላይ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ስቦ፣ ለቅቆ፣ ደግሞ መሳብ ነው። ከዚያ አንድ ቀን የወዳጄን ጎን ለጎን ጠመንጃ ሞከርኩና ልቤ እዚያው ቀረ። ቀለል ይላል። ወደ ትከሻ ሲወጣ እጅ አያደክምም። ብዙም ሳልቆይ ያገለገለ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ገዛሁ። ሁለት ምላጭ አለው። ሰደፉም ቀጥ ያለ ነው፤ እንደ ሽጉጥ እጀታ ወደ ታች የታጠፈ ነገር የለውም።

ለማያውቅ ሰው አሠራሩ እንዲህ ነው። ፊተኛው ምላጭ አብዛኛውን ጊዜ ቀኙን አፈሙዝ ይተኩሳል፤ ኋለኛው ግራውን። ቀኙ ጫፉ ላይ ሰፋ ያለ ነው። እርሳሱን፣ ማለትም በጥይቱ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች፣ ቶሎ ይበትናል፤ ለቅርብ ይሆናል። ግራው ጠበብ ያለ ቾክ (የአፈሙዙ ጫፍ መጥበቢያ) አለው። እርሳሱን ሰብሰብ አድርጎ ራቅ ወዳለ ቦታ ያደርሳል። ልዩነቱን በዓይን ማየት ይከብዳል። ሙሉ ቾክ የሚባለው እንኳ አፈሙዙን የሚያጠበው በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ግን ርቀቱ ሲጨምር ይህች 1 ሚሊ ሜትር ብዙ ነገር ትወስናለች።

የሁለት ምላጭ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ኢላማው ከእኔ እየራቀ ከሆነ መጀመሪያ ሰፊው፣ ቀጥሎ ጠባቡ ይተኮሳል። ወደ እኔ እየመጣ ከሆነ ደግሞ በተገላቢጦሽ። ይህን የምወስነው ሰደፉ ትከሻዬ ላይ ካረፈ በኋላም ሊሆን ይችላል። ሌላ የምነካው ነገር የለም።

ባለ አንድ ምላጭ ላይም መምረጫ አለ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ብዙዎቹ ሴፍቲው (ጠመንጃው ሳይፈለግ እንዳይተኩስ የሚይዘው መቆለፊያ) ላይ ወይም አጠገቡ የአፈሙዝ መምረጫ አላቸው። የኔ አቋም ግን ቁርጥ ያለ ነው። ያቺ መምረጫ በሚበር ኢላማ ላይ አትጠቅምም። ኢላማው ከተነሳ በኋላ አውራ ጣትን ልኮ፣ መምረጫውን አዙሮ፣ ተመልሶ ለመተኮስ ጊዜ የለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ኢላማ አየር ላይ እያለ አንድም ቀን ነክቻት አላውቅም።

አንድ ምላጭ ለተኳሹ ቀላል ነው። ለሠሪው ግን ከባድ ፈተና ነበር። ጠመንጃ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ትከሻም መልሶ ይገፋዋል። በዚያች ቅጽበት ጣት ሳይታወቀን ምላጩን ለቅቆ እንደገና ይስበዋል። ድሮ ባለ አንድ ምላጭ ለመሥራት የሞከሩ ባለሙያዎች ሁለቱም አፈሙዞች ተያይዘው እየተኮሱ ያስቸገሯቸው በዚህ ምክንያት ነው። የለንደኑ የቦስ ጠመንጃ ቤት ባለቤት ጆን ሮበርትሰን በ1894 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ምላጭ ይህንኑ ችግር የፈታ ነው። መፍትሔው ሦስት ስበት ነው። የመጀመሪያው ስበት አንዱን አፈሙዝ ይተኩሳል። ሁለተኛው ያ ሳይታወቀን የምንስበው ነው፤ ምንም አይተኩስም። ሦስተኛው የቀረውን አፈሙዝ ይተኩሳል። ተኳሹ ግን ሁለቴ ብቻ የሳበ ነው የሚመስለው። ይህን ስረዳ ለእነዚያ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

በዘመናዊዎቹ ላይ ግን አንድ ነገር መጠየቅ አለባችሁ። አንዳንዱ ምላጭ ወደ ሁለተኛው አፈሙዝ የሚሻገረው በርግጫው ጉልበት ነው። ሌላው ርግጫ አይጠብቅም፤ በራሱ ይሻገራል። የኔ የድሮው በርግጫ የሚሠራ ነበር። አንድ ቀን የመጀመሪያው ጥይት ከሸፈ። ርግጫ ስለሌለ ምላጩ አልተሻገረም። ሁለተኛው ጥይት ደህና ሆኖ ሳለ ጠመንጃው ዝም አለ። (ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ሜዳው እንዳዞራችሁ 30 ሴኮንድ ያህል ጠብቁ። ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላል።) ሁለት ምላጭ ይህ ጣጣ የለበትም። እያንዳንዱ ምላጭ የራሱ መምቻና የራሱ ሞላ አለው። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ ልግባ።

በአዲሱ ጠመንጃ የመጀመሪያው ተኩስ ጥሩ ነበር። ሁለተኛው ግን አልመጣም። ባለ በሌለ ኃይሌ እየሳብኩ ነው። የምስበው ግን ቀድሞ የተኮሰውን ፊተኛውን ምላጭ ነው። ጣቴ ሁለት ዓመት የለመደውን ሊተው አልፈለገም። አእምሮዬ ያውቃል፣ ጣቴ አያውቅም። ኢላማው መሬት ላይ ሲያርፍ ቆሜ አያለሁ።

ይህ አንድ ሳምንት ቢሆን ባልጻፍኩት። ሦስት ወር ቆየ። ማሰብ ስጀምር ደግሞ ባሰ። ስለ ጣቴ ሳስብ ኢላማውን አላይም። ኢላማውን ሳይ ጣቴ ይረሳል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁለት ወር ያህል ሁለተኛውን ላለመተኮስ ስል ነጠላ ኢላማ ብቻ እየመረጥኩ ነበር። ለጓደኞቼ «መሠረቱን እያጠናከርኩ ነው» እላቸው ነበር። ውሸት ነው። እየሸሸሁ ነበር።

ቀጥሎ ጣቴ ኋለኛውን ምላጭ ማግኘት ጀመረ። የሚደርስበት ግን በጫፉ ብቻ ነበር። እጄ እንደያዘ ይቆይና ጣቴን ብቻ አጥፌ ወደ ኋላ እሰበስባለሁ። እንዲህ ሲሆን ምላጩ ቀጥ ብሎ አይሳብም። ወደ ጎን ይጎተታል፤ አፈሙዙንም ይዞት ይሄዳል። ኢላማው 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ነው። ትንሽ ጉተታ ይበቃዋል።

በዚህ ላይ ሕመም ተጨመረ። ኋለኛውን ስተኩስ ጣቴ በሁለቱ ምላጮች መካከል ነው ያለው። ጠመንጃው ሲራገጥ ፊተኛው ምላጭ መጥቶ ጣቴን ይመታዋል። የመሃል ጣቴን ደግሞ የምላጩ መከለያ ይመታል። ከ50 ጥይት በኋላ ሁለቱም ያብጣሉ። ሰውነቴ ሕመሙን መጠበቅ ጀመረ። ከመሳቤ በፊት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይህን ያወቅሁት ሰው ሲነግረኝ ነው። ለመሃል ጣቴ የቆዳ መከላከያ ገዛሁ። ጣቴ ይበልጥ ወፍራም ሆኖ መንቀሳቀስ ከበደው እንጂ ሌላ አልፈየደልኝም።

መፍትሔው ከሁለት አቅጣጫ መጣ።

አንደኛው ከአንድ አንጋፋ ተኳሽ ነው። አጠገቤ ቆመው ኢላማውን ሳይሆን እጄን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ልጄ፣ ጣትህን ተወው። እጅህን አንሸራት» አሉኝ። ነገሩ ግልጽ የሆነልኝ ያኔ ነው። በሁለቱ ምላጮች መካከል 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ። ጣት ይህን ብቻውን መሸፈን የለበትም። መላው እጅ ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። ቀጥ ያለው ሰደፍም የተሠራው ለዚሁ ነው። የሽጉጥ እጀታ የመሰለው ሰደፍ እጅን አንድ ቦታ ይይዛል፤ ለአንድ ምላጭ ጥሩ ነው። እኔ ግን ቀጥ ያለውን ሰደፍ በድሮው ልማዴ ጨምድጄ ይዤ ነበር። እጄ የሚሄድበት መንገድ እያለው እኔው ዘጋሁበት።

ሁለተኛው ከጠመንጃ ጠጋኝ የመጣ ነው። ጠመንጃውን ፈትቶ ሲያየው ፊተኛው ምላጭ ማጠፊያ አለው። ከኋላ ሲነካ ወደ ፊት እጥፍ እንዲል የተሠራ ነው። ጣት እንዳይጎዳ ማለት ነው። ግን የቆየ ዘይት ደርቆበት ማጠፊያውን አጣብቆታል። ለወራት ጣቴን ሲመታኝ የነበረው የደረቀ ዘይት ነው! ተጠርጎ ሲመጣ ምላጩ በትንሽ ግፊት ይታጠፍ ጀመር። እብጠቱ በዚያው ቀረ።

የምላጮቹንም ክብደት፣ ማለትም ለመሳብ የሚጠይቁትን ኃይል፣ ለካልኝ። ፊተኛው 1.6 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ደህና ነው። ኋለኛው ግን 2.7 ሆኖ ተገኘ። ኋለኛው በትንሹ ከበድ ማለቱ ትክክል ነው። የመጀመሪያው ተኩስ ሲያናውጠው ራሱን እንዳይለቅ ይረዳል። 2.7 ግን በዛ። ወደ 1.9 አወረደልኝ። እባካችሁ ይህን ቤት ውስጥ በሞረድ አትሞክሩት። መምቻውን ይዞ የሚያቆየው ጥርስ በጥቂቱ ከተበላ፣ አንዱ አፈሙዝ ሲተኮስ ሌላውም ሊከተል ይችላል።

ከዚያ በኋላ የቀረው ልምምድ ነበር። ማታ ማታ 10 ደቂቃ፣ ለሦስት ሳምንት። እውነተኛው ጥይት ሌላ ክፍል ይቆለፋል። አፈሙዞቹ ባዶ መሆናቸውን ሁለቴ አያለሁ። የልምምድ ጥይት አስገባለሁ፤ መምቻውን የሚቀበል ሞላ ያለበት ማለት ነው። ጠመንጃውን ጉዳት በማያመጣ አቅጣጫ ይዤ ወደ ትከሻ አወጣለሁ። ፊተኛውን እስባለሁ። እጄን አንሸራትታለሁ። ኋለኛውን እስባለሁ። በጣም ቀስ ብዬ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተገላቢጦሹን ጀመርኩ፤ ከኋለኛው ወደ ፊተኛው። ይህኛው ለእኔ ቀለለኝ። ምክንያቱን እስካሁን በደንብ አላወቅሁትም፤ ግን እጄ ወደ ፊት ሲሄድ ራሱ መንገዱን ያገኛል። በፍጥነት መለማመድ ግን ምንም አይጠቅምም። እኔ በፍጥነት የጀመርኩበት የመጀመሪያው ሳምንት ስህተቱን አጠንክሮልኝ ነው የሄደው።

ታዲያ የትኛውን ልግዛ ለሚለኝ መልሴ እንደ ሰውየው ነው። የምትተኩሱት ኢላማ ብቻ ከሆነ፣ ሌላውም ጠመንጃችሁ ባለ አንድ ምላጭ ከሆነ፣ አንድ ምላጭ ግዙና በሰላም ተኩሱ። ሁለቱን ዓይነት በአንድ ቀን መቀያየር የጣትን ልማድ ያበላሻል። እኔ ሞክሬው ከሳምንት በላይ ወደ ኋላ መልሶኛል። በጎን ለጎን ብቻ ለመተኮስ ከወሰናችሁ ግን ሁለት ምላጭ ውሰዱ፤ ሰደፉም ቀጥ ያለ ይሁን። ሁለት ምላጭ ያለውን ጠመንጃ ወደ አንድ ምላጭ ማስቀየርን ፈጽሞ አልመክርም። ደህና የሚሠራን ነገር መነካካት ነው።

ያገለገለ ስትገዙ በልምምድ ጥይት ፈትሹት። ፊተኛውን ሳቡ፤ ሰደፉን በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉ፤ ከዚያ ኋለኛውን ሳቡ። «ቀጭ» የሚለው ያን ጊዜ መሆን አለበት። ሲመታ ቀድሞ ከለቀቀ ትታችሁት ሂዱ። ሴፍቲውንም ብዙ አትመኑት። በብዙ ጎን ለጎን ጠመንጃዎች ላይ የሚይዘው ምላጩን ብቻ ነው፤ መምቻውን አይደለም። ስትራመዱ ጠመንጃው ተከፍቶ፣ ባዶ ሆኖ ይሁን።

ምክር ሰጪ ሆኜ ስጽፍ ሁሉንም የጨረስኩ አይምሰላችሁ። ብርድ ሲሆንና ጓንት ሳደርግ አሁንም ያንን ባለ አንድ ምላጭ ነው የማነሳው። በወፍራም ጓንት ሁለቱን ምላጭ መለየት አልቻልኩም። ከአሥር ጥንድ በአንዱ ወይም በሁለቱ ጣቴ አሁንም ፊተኛው ላይ ይቀራል፤ በተለይ ሰው እያየኝ ከሆነ።

በሚቀጥለው ወር ኢላማው ይራቅ ወይም ይምጣ ሳይነገረኝ መተኮስ እጀምራለሁ። ምላጩን የምመርጠው ኢላማውን ካየሁ በኋላ ይሆናል። ግራኝ የሆናችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ወንድሜ ግራኝ ነውና ሊጀምር ይፈልጋል። ፊተኛው ምላጭ ግራውን አፈሙዝ እንዲተኩስ ተደርጎ ለግራኝ የተሠራ ጠመንጃ ነው የያዛችሁት ወይስ የተለመደውን ለምዳችሁት ነው?